በሐዋሳ ሐይቅ፦ የቀዘፋ ታንኳን በቤት በተሠራ ሸራ ለማስኬድ ከምን ልጀምር?

የታቦር ልጅ (ሐዋሳ)

ሰላም ለሁላችሁ። ርዝመቱ 4.8 ሜትር፣ ወርዱ መሐሉ ላይ 88 ሳንቲ ሜትር የሆነ የፋይበርግላስ ታንኳ አለኝ። ላዩ ክፍት ነው፤ ለሁለት ቀዛፊ የተሠራ። ጠዋት ሐይቁ ጸጥ ባለበት ሰዓት መቅዘፍ ደስ ይላል። ከሰዓት በኋላ ግን ነፋሱ ይነሣና ክንድ እስኪዝል መታገል ነው። ይህንኑ ነፋስ ላሠራው ብዬ ቆርጬ ተነሥቻለሁ።

ሞተር አልፈልግም። ነዳጁ ወጪ ነው፤ ጩኸቱም በሸምበቆው ዳር ያሉትን ወፎች ያስበረግጋል፤ እኔ ደግሞ ወደ ሐይቁ የምወጣው እነሱን ለማየት ነው። ዕቃ ከውጭ ማስመጣትም አላሰብኩም። የፕላስቲክ ሸራ፣ ቀርከሃ፣ የባሕር ዛፍ አጣና፣ የፍሳሽ ቱቦ፣ ናይለን ገመድና አሮጌ ከመነዳሪ እዚሁ ገበያ አለ። አናጺ ጎረቤት አለኝ፤ ብየዳ የሚችል ጓደኛም አለኝ።

የምጠይቃችሁ ይህን ነው፦ ሸራው ስንት ካሬ ሜትር ቢሆን ይሻላል? ምሰሶውንስ የታንኳውን ሆድ ሳልበሳ እንዴት ልትከለው?

ጡረተኛው የፊዚክስ መምህር (ሐዋሳ)

ልጄ፣ ሁለቱም ጥያቄዎችህ ስለ ሸራውና ስለ ምሰሶው ናቸው። እኔ ግን ሸራውን መጨረሻ ላይ አድርገው እላለሁ። ማንኛውም ጨርቅ ታንኳን ወደ ነፋሱ መሄጃ ይገፋል፤ ጃንጥላም ይገፋል። ችግሩ መመለሻው ነው። የታንኳህ ሆድ ለስላሳና ጥልቀት የሌለው ስለሆነ ነፋስ ከጎን ሲመታው ወደ ጎን ይንሸራተታል እንጂ ወደ ፊት አይሄድም። ሐይቁ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት አለው። ነፋሱ ወደ ወዲያኛው ዳር ከወሰደህ በኋላ መመለሻህ ያው መቅዘፊያህ ይሆናል፤ ያውም ነፋስ ፊት ለፊት እየመታህ።

ስለዚህ መጀመሪያ የጎን ሰሌዳ ሥራ። ከታንኳው ጎን ወደ ውኃ የሚወርድ ቀጥ ያለ እንጨት ማለቴ ነው። ውኃው ሰሌዳውን ወደ ጎን አላሳልፍም ሲል፣ ሸራው የተቀበለው ኃይል ታንኳውን ወደ ፊት ያስኬደዋል። በውኃ ውስጥ የሚገባው ስፋት ከሸራው ስፋት 4 ወይም 5 ከመቶ ቢሆን ይበቃል። ለ4 ካሬ ሜትር ሸራ 25 በ75 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። በ18 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ሊሠራ ይችላል። የፊት ጠርዙን አክብበው፣ የኋላውን አቅጥነው፤ ጠርዞቹን በደንብ ቀለም አጠጣቸው፤ ኮምፔንሳቶ ውኃ የሚጠጣው በጠርዙ በኩል ነውና።

ለጥያቄህ ደግሞ፦ ከ4 ካሬ ሜትር አትለፍ። ሆዱን መብሳት አያስፈልግህም። በታንኳው ሁለት ከንፈሮች፣ በግራና በቀኝ የላይ ጠርዞቹ ማለቴ ነው፣ ላይ ጠንካራ ጣውላ አጋድም፤ ዋንዛ ካገኘህ መልካም ነው። መሐሉን ምሰሶው በሚያልፍበት ልክ ብሳው። ከሥሩ፣ በታንኳው ወለል ላይ፣ ጎድጓዳ ያለው የእንጨት ጉማጅ በፋይበርግላስ ሙጫ ለጥፍ። ምሰሶው በሁለት ቦታ ይያዛል፤ የሚገፋውን ጉልበት ከላይ ያለው ጣውላ ይሸከመዋል፤ የታችኛው ጉማጅ እግሩ እንዳይንሸራተት ብቻ ነው።

የአሞራ ገደል ልጅ (ሐዋሳ)

ወንድሜ፣ አባቴም አያቴም ከዚህ ሐይቅ ዓሣ ያወጡ ሰዎች ናቸው፤ የጀልባ ነገር ሲነሣ ዝም ማለት አልችልም። ሁለት ነገር ልንገርህ።

የመጀመሪያው መረብ ነው። አስጋሪዎች ከሰዓት በኋላ መረብ ዘርግተው ጠዋት ያነሡታል። አንተ በሸራ ልትወጣ ያሰብክበት ሰዓት መረቡ ውኃ ውስጥ ያለበት ሰዓት ነው። መምህር ያሉት 75 ሳንቲ ሜትር ወደ ታች የሚወርድ ሰሌዳ መረቡን ይዞ ይቀደዋል። አንድ መረብ ለአንድ ቤተሰብ የወር እንጀራ ነው። ከመውጣትህ በፊት አሞራ ገደል መጥተህ የት የት እንደተዘረጋ ጠይቅ፤ ማንም ይነግርሃል። በውኃው ላይ የሚንሳፈፍ ጠርሙስ ወይም ቡሽ ስታይ በሁለቱ መካከል አትለፍ።

ሁለተኛው ጉማሬ ነው። ሞተር ጀልባ ከሩቅ ስለሚሰማ እንስሳው ቀድሞ ይርቃል። ሸራ ግን ድምፅ የለውም። በጥቁር ውኃ ወንዝ በኩልና ሸምበቆ በበዛበት ዳር ሳያውቅህ ከላዩ ትደርስበታለህ፤ የሚያጠቃውም በደነገጠ ጊዜ ነው። ወደ ዳር ስትጠጋ የታንኳውን ከንፈር በመቅዘፊያ እያንኳኳህ ተጠጋ። ወደ ማታ ሲል ደግሞ ለግጦሽ ስለሚወጣ ከሸምበቆው ፈጽሞ ራቅ።

ቆቃ ዳር (አዳማ)

እኛ ከአዳማ ወደ ቆቃ ግድብ እየወረድን ነው የምንቀዝፈው። እዚያ ችግራችን መረብ ብቻ ሳይሆን እምቦጭም ነው። ሰሌዳው ይይዘዋል፣ መሪው ይይዘዋል፣ ታንኳው ቀጥ ብሎ ይቆማል። የአሞራ ገደሏ እህታችን ስጋት ትክክል ነው፤ መፍትሔ ግን አለው።

ሰሌዳውን በአንድ ብሎን ብቻ አንጠልጥለው። ከላይ በብሎኑ ላይ እንዲዞር፣ የሚነካው ነገር ሲያጋጥመው ወደ ኋላ ተጣጥፎ እንዲነሣ አድርግ። ወደ ታች እንዲቆም የሚያደርገው ከፊት የተወጠረ የከመነዳሪ ቁራጭ ነው። ላስቲኩ ለውኃ ግፊት አይበገርም፤ ለግንድ፣ ለመረብና ለእምቦጭ ግን ይለቃል። በብሎኑ ራስና በሰሌዳው መካከል ሰፊ ሮንዴላ አስገባ፤ ያለዚያ እንጨቱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይበላል። መሪውንም በዚሁ መንገድ ሥራው። መጀመሪያ አካባቢ ግን መሪ ባትሠራም ከኋላ ተቀምጠህ በመቅዘፊያ መምራት ትችላለህ።

ልብስ ሰፊዋ (ሐዋሳ)

የሸራውን ነገር ለኔ ተዉት። ድንኳንና የመኪና ሸራ ስሰፋ ነው የኖርኩት።

ሦስቱም ጎኑ 3 ሜትር የሆነ ሦስት ማዕዘን ብትቆርጥ ስፋቱ 3.9 ካሬ ሜትር ይሆንልሃል፤ መምህር ካሉት ልክ ጋር ይስማማል። ሁለቱ ጎኖች በሁለት ዘንጎች ላይ ይታሠራሉ፤ ሦስተኛው ነጻ ነው። ሁለቱ ዘንጎች ከፊት ይገናኛሉ፤ የላይኛው ዘንግ ከምሰሶው ጫፍ ይሰቀላል። ምሰሶው እንግዲህ 2.6 ሜትር ያህል ቢሆን ነው።

አሁን ዋናውን ልንገርህ፦ ቀጥ አድርገህ እንዳትቆርጥ! በዘንጉ በኩል ያሉትን ሁለት ጠርዞች ወደ ውጭ ጎበጥ አድርገህ ቁረጣቸው። ከፊተኛው ማዕዘን ተነሥተህ ከርዝመቱ 40 ከመቶ በሚሆነው ቦታ ላይ ጉብታው 8 ሳንቲ ሜትር ይድረስ፤ ከዚያ ቀስ እያለ ይመለስ። ይህን የጎበጠ ጠርዝ ቀጥ ባለ ዘንግ ላይ ስትወጥረው ትርፉ ጨርቅ ወደ መሐል ይሄድና ሸራው ሆድ ያወጣል። ወደ ነፋሱ አቅጣጫ ሰያፍ ለመሄድ ብዙ የሚረዳው ያ ሆድ ነው። ዝርግ ሸራ ከኋላ ሲገፉት ይሄዳል እንጂ ከጎን ነፋስ ብዙ አይጠቀምም።

የጥጥ ክር አትጠቀም፤ ፖሊስተር ይሁን። ስፌቱ ዚግዛግ ይሁን፤ ቀጥታ ስፌት በፕላስቲክ ሸራ ላይ መርፌው ባለፈበት መስመር ይቀደዳል። ጠርዙን ሁሉ እጥፍ አድርገህ በውስጡ ገመድ አሳልፍ። ሦስቱን ማዕዘኖች በሦስት ወይም በአራት ድርብ አጠንክር፤ የብረት ቀለበቶቹን ጫማ ሰፊ ዘንድ ታስመታለህ። ሲጨርሱ ጠቅልሎ ጥላ ውስጥ ማስቀመጥ ነው፤ የፕላስቲክ ሸራ ጠላቱ ከነፋሱ ይልቅ ፀሐይ ነው።

የታቦር ልጅ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እህቴ፣ ሸራውን ይዤ እመጣለሁ፤ አብረን እንቆርጠዋለን። መምህር፣ አንድ ነገር ያሳስበኛል፤ ታንኳው ጠባብ ነው፤ ነፋሱ ጠንከር ሲል አይገለበጥም?

ጡረተኛው የፊዚክስ መምህር

ይገለበጣል። እናስላው።

ነፋሱ በሴኮንድ 6 ሜትር ቢሆን፣ በሰዓት 22 ኪሎ ሜትር ገደማ ማለት ነው፣ 4 ካሬ ሜትር ሸራ የሚቀበለው ግፊት 8.5 ኪሎ ግራም ያህል ነው። (ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ከባሕር ጠለል ይልቅ በ15 ከመቶ ያህል የሳሳ ነው። በባሕር ዳርቻ አገሮች የተጻፈ መጠን እዚህ ጥቂት ያነሰ ጉልበት ይሰጣል፤ ይህ ለጀማሪ መልካም ነው።) ይህ ግፊት የሚያርፈው ከጎን ሰሌዳው መሐል 1.9 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ነው። ኪሎው በሜትሩ ሲባዛ 16 ይሆናል፤ ታንኳውን ለመገልበጥ የሚሞክረው ጉልበት ይህ ነው። አንተ 70 ኪሎ ከሆንክና 25 ሳንቲ ሜትር ወደ ነፋሱ በኩል ብትጠጋ 17.5 ታስገኛለህ። ታንኳው ቀጥ ብሎ ይሄዳል።

አሁን ነፋሱ እጥፍ ይሁን፤ በሴኮንድ 12 ሜትር። ግፊቱ እጥፍ አይሆንም፤ አራት እጥፍ ነው የሚሆነው። 16 የነበረው ወደ 65 ይደርሳል። በዚያ ጊዜ ሰውነትህ አይበቃም። ዝናብ ሊመጣ ሲል የሚነሣውን ድንገተኛ ነፋስ የምታውቀው ይመስለኛል።

ስለዚህ በግራም በቀኝም ጎን አንድ አንድ ተንሳፋፊ ያስፈልግሃል። 160 ሚሊ ሜትር የሆነ የፍሳሽ ቱቦ በሜትር 20 ሊትር ያህል ይይዛል፤ 3 ሜትሩ 60 ሊትር ነው። የራሱ ክብደት ሲቀነስ 50 ኪሎ ይሸከማል። ከታንኳው መሐል 1.2 ሜትር ርቆ ቢቀመጥ ውጤቱ 60 ነው። 110 ሚሊ ሜትሩ ቱቦ ግን 3 ሜትሩ ከ29 ሊትር አይበልጥም፤ ርካሽ ነው ብለህ እርሱን እንዳትገዛ።

ልብ በል፦ የተንሳፋፊው 60 ብቻውን ከ65 ያንሳል። ተንሳፋፊው ጊዜ ይገዛልሃል እንጂ ማዕበል ውስጥ እንድትቆይ ፈቃድ አይሰጥህም። ሰማዩ ሲጠቁር ሸራውን አውርደህ ወደ ዳር ቅዘፍ። የሸራውን መቆጣጠሪያ ገመድ ደግሞ ከምንም ነገር ጋር አትሠረው። ሁልጊዜ በእጅህ ይሁን። ነፋሱ ሲበረታ ከለቀቅኸው ሸራው ይራገባል፣ ጉልበቱም ወዲያው ይጠፋል። በጠባብ ታንኳ ላይ የታሠረ ገመድ ሰው ያሰምጣል።

የአባያ ዳር ሰው (አርባ ምንጭ)

ለምን ሁለት ተንሳፋፊ? አንድ ይበቃል። የፓስፊክ ደሴቶች ሰዎች ከጥንት ጀምሮ በአንድ ወገን ተንሳፋፊ ውቅያኖስ አቋርጠዋል። ክብደቱም ወጪውም በግማሽ ይቀንሳል።

ጡረተኛው የፊዚክስ መምህር

እውነት ነው፤ አቋርጠዋል። እነርሱ ግን ልጅ ሳሉ የተማሩትን ጥበብ ይዘው ነው። በብዙዎቹ ደሴቶች ተንሳፋፊው ምንጊዜም በነፋሱ መምጫ በኩል እንዲሆን አድርገው፣ አቅጣጫ ሲቀይሩ ሸራውን ከአንድ ጫፍ ወደ ሌላው ጫፍ ያዞሩታል፤ የታንኳው ፊትና ኋላም ይለዋወጣል። ለጀማሪ ይህ ከባድ ነው። በሁለቱም ወገን ቢኖርና ታንኳው ቀጥ ብሎ ሲቆም ሁለቱም ከውኃው ጥቂት ከፍ ብለው ቢንጠለጠሉ፣ ውኃ የሚነካው የሚያስፈልገው ብቻ ይሆናል፤ መጎተቱም ይቀንሳል። እኔ በሁለቱ እጸናለሁ።

ከእነርሱ መውሰድ የምንችለው ግን ማሠሪያውን ነው። በምስማር አልቸነከሩትም፤ በኮኮናት ቃጫ ገመድ ነው የጠፈሩት። የተጠፈረ ነገር ይለመጣል እንጂ አይሰነጠቅም።

ቆቃ ዳር

በዚህ ላይ ልጨምር። ተንሳፋፊዎቹን የሚይዙት ሁለት አጋዳሚዎች ቀርከሃ ቢሆኑ ቀላል ናቸው፤ ከሲዳማ ደጋ የሚመጣው ወፍራም ቀርከሃ ለእናንተ ቅርብ ነው። ቀርከሃን ግን አትብሳው። የተበሳ ቀርከሃ ከቀዳዳው ተነሥቶ በቁመቱ ይሰነጠቃል። ከመነዳሪውን በሦስት ሳንቲ ሜትር ወርድ ሸንሽነህ፣ እየወጠርክ ጠቅልለህ እሠረው፤ አንጓው ካለበት አጠገብ ይሁን። ጥላ ውስጥ በደንብ የደረቀ ቀርከሃ ምረጥ፤ እርጥቡ ሲደርቅ ይኮማተርና ማሠሪያው ይላላል።

የቱቦውን ሁለት ጫፎች በክዳን ከማሸግህ በፊት ውስጡን ክዳናቸው በደንብ በተዘጋ ባዶ የውኃ ጠርሙሶች ሙላው። ቱቦው ቢሰነጠቅ እንኳ አይሰምጥም። ከፊት በኩል 45 ዲግሪ የሆነ ክርን ወደ ላይ አዙረህ ብትገጥምለት ሞገዱን ይወጣዋል እንጂ አይወጋውም።

የጣና ልጅ (ባሕር ዳር)

የደንገል ታንኳ ውኃ ቢሞላውም አይሰምጥም፤ ራሱ ደንገሉ ተንሳፋፊ ነው። ፋይበርግላስ ግን ከውኃ ይከብዳል። ሲገለበጥ ውኃ ከሞላው የሚያነሣው የለም። በፊትና በኋላ ጫፎቹ ሁለት ሁለት ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ክዳናቸውን አጥብቀህ እሠር፤ በድምሩ 80 ኪሎ የሚያህል የመንሳፈፍ ጉልበት ይሰጡሃል። አጥብቀህ እሠራቸው፤ ውኃ ውስጥ ጄሪካን በኃይል ወደ ላይ ስለሚገፋ የላላ ገመድ ይበጥሳል። ከዚያ ከዳር ሳትርቅ ሆን ብለህ ገልብጠውና መልሰህ መውጣትን ተለማመድ። የአደጋ ጃኬት ሳይለብስ የሚወጣ ሰው ይዘህ አትሂድ።

የአሞራ ገደል ልጅ

ልምምዱን ሸምበቆ በሌለበትና ውኃው በማይተኛበት ዳር አድርገው። በሐይቃችን ቢልሃርዚያ አለ፤ ቀንድ አውጣዎቹ የሚበዙት በተኛ ውኃና በሣር መካከል ነው። ብዙ ጊዜ ውኃ ውስጥ የምትቆይ ከሆነ ጤና ጣቢያ ሄደህ መመርመር ጥሩ ነው።

የታቦር ልጅ

ሥራው ስላለቀ ለሁላችሁም ላሳውቅ መጣሁ።

ከሰሌዳው ጀመርኩ፤ እንደተመከርኩት። አናጺው ጎረቤቴ ኮምፔንሳቶውን በመላጊያ እየላገ የፊቱን ጠርዝ አከበበልኝ፤ ሦስት ጊዜ ቀለም ቀባነው። ሸራው ገና ሳይሰፋ ሰሌዳውን ብቻ ገጥሜ ነፋስ ባለበት ሰዓት ቀዘፍኩ። በሰሌዳው ብቻ እንኳ ልዩነቱ ይታያል፦ ታንኳው ከጎን ነፋስ ሲመታው እንደ በፊቱ አይንሸራተትም። ይህን ለማንም ቀዛፊ እመክራለሁ፤ ሸራ ባያስብም።

ከዚያ ቱቦዎቹን ገጠምን። አጋዳሚዎቹን በከመነዳሪ ለመጠፈር ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ አንዱ ይወጥራል፣ አንዱ ይጠቀልላል። ለምሰሶው ደረቅና ቀጥ ያለ የባሕር ዛፍ አጣና መረጥኩ፤ ለሁለቱ ዘንጎች ግን ቀርከሃ አደረግሁ፤ ላይ ያለ ክብደት ታንኳውን ያናውጣልና። ሸራውን ከልብስ ሰፊዋ እህታችን ጋር ወለል ላይ ዘርግተን በጠመኔ አሰመርነው። ጉብታውን ለማስመር ቀጭን የቀርከሃ ስንጣቂ በሦስት ነጥብ ላይ አጉብጣ ያዘችው፤ መስመሩም ያለ ምንም ስሌት ወጣ። እንዲህ ያለ እጅ ያለው ሰው በሰፈራችን መኖሩ ደስ ያሰኛል።

ነፋሱ ከሐይቁ ወደ ከተማው ዳር የሚነፍስበትን ቀን መርጬ ወጣሁ፤ ምንም ነገር ቢበላሽ ነፋሱ ራሱ ወደ ዳር እንዲመልሰኝ ብዬ ነው። ሄደ! ነፋሱ ከጎን ሲሆን ከሁሉም ይፈጥናል። ወደ ነፋሱ ፊት ለፊት መሄድ አይቻልም፤ ነገር ግን አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ ሰያፍ እየያዝኩ ወደ ነፋሱ መምጫ ተጠጋሁ። ከነፋሱ መስመር 60 ዲግሪ ገደማ ያህል ነው የሚይዘው፤ ከዚያ በላይ ስጠጋ ሸራው ይራገባል።

የቀረኝ አንድ ጉዳይ ነው። ታንኳው ዘወትር አፍንጫውን ወደ ነፋሱ ማዞር ይፈልጋል። እንዳይዞር መቅዘፊያውን በኃይል መያዝ አለብኝ፤ እጄ ይደክማል።

ጡረተኛው የፊዚክስ መምህር

እንኳን ደስ ያለህ፣ ልጄ። ጉዳዩ የሁለት ነጥቦች ነው። አንዱ የሸራው መሐል ነው፤ ከእያንዳንዱ ማዕዘን ወደ ፊት ለፊቱ ጎን አጋማሽ መስመር ብትስብ ሦስቱ የሚገናኙበት ቦታ። ሌላው ውኃው ታንኳውን የሚይዝበት መሐል ነው። ይህን ለማግኘት ወገብ በሚደርስ ውኃ ውስጥ ቁምና ሰሌዳው ወርዶ ሳለ ታንኳውን በመዳፍህ ወደ ጎን ግፋው። ሳይዞር ቀጥ ብሎ ወደ ጎን የሚሄድበት ቦታ እርሱ ነው።

የሸራው መሐል ከውኃው መሐል ወደ ኋላ ከሆነ፣ ያንተ እንዲህ ይመስላል፣ ታንኳው ወደ ነፋሱ ይዞራል። ምሰሶውን አትንካው። ሰሌዳውን 10 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ውሰድና ሞክር፤ ካልበቃ ሌላ 5 ጨምር። ሙሉ በሙሉ ግን አታጥፋው። ጥቂት ወደ ነፋሱ የመዞር ጠባይ ይኑረው፤ መቅዘፊያው ከእጅህ ቢያመልጥ ታንኳው ራሱ ወደ ነፋሱ ዞሮ ይቆማል፤ ይዞህ አይሄድም።

እግረ መንገዴን፦ በአውሮፓ ትንሽ ሸራ ያለው የቀዘፋ ታንኳ ጉዞን ያስወደደው ጆን ማክግሬጎር የተባለ የለንደን ጠበቃ ነው፤ በ1865 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በወንዞችና በሐይቆች ላይ ተጉዟል። የእርሱም ዋና መሣሪያ መቅዘፊያው ነበር፤ ሸራውን የሚዘረጋው ነፋሱ ሲመች ብቻ ነው። አንተም መቅዘፊያህን ከታንኳው ጋር በገመድ አስረህ ያዝ።

የአሞራ ገደል ልጅ

አባቴ ትናንት ከዳር ሆኖ አይቶሃል። ለእንጨት ጀልባችን እንዲህ ያለ ነገር ይሆን እንደሆነ ጠይቂልኝ ብሎኛል፤ መረብ ዘርግቶ ሲመለስ ክንዱን ያሳርፍለት ነበር። ጀልባው ከታንኳህ ይሰፋል፤ ክብደቱም ብዙ ነው።

የታቦር ልጅ

ለአባትሽ ሰላምታ አቅርቢልኝ። የሚሰፋ ጀልባ በቀላሉ ስለማይገለበጥ ተንሳፋፊ ላያስፈልገው ይችላል፤ ክብደቱ ግን ተለቅ ያለ ሸራና ሰሌዳ ይጠይቃል። መጀመሪያ ሰሌዳውን ብቻ እንሞክርለት፤ ለሸራው ከዚያ በኋላ እንለካለን። ሰሌዳው የሚነሣ ስለሆነ መረቡን እንዳይነካ ራሱ መሞከር ይችላል። ቅዳሜ ጠዋት መረብ ከተነሣ በኋላ እመጣለሁ፤ የጀልባውን ወርድና የከንፈሩን ውፍረት ቀድመሽ ለክተሽ ብትጠብቂኝ መልካም ነው።

ቆቃ ዳር

ወንድሜ፣ ሰሌዳውን ከታንኳው ከንፈር ጋር ያያዝክበትን መንገድ በዝርዝር ጻፍልን። እኛ እዚህ በብየዳ የሠራነው የላሜራ መያዣ ፋይበርግላሱን እየፋቀው ነው።

የታቦር ልጅ

እኔ ብረት ከታንኳው ጋር አላገናኘሁም። ታንኳው ላይ የሚጋደም አንድ የዋንዛ ጣውላ አለ፤ ወርዱ 12፣ ውፍረቱ 4 ሳንቲ ሜትር ነው። በሁለቱ ጫፎቹ ከሥር ሁለት አጫጭር ጉማጆች በብሎን ተይዘዋል፤ ከንፈሩ በጣውላውና በጉማጁ መካከል ይገባል፤ በመካከላቸው ከመኪና ጎማ የተቆረጠ ቁራጭ አለ። ሰሌዳው የተሰቀለው በጣውላው አንድ ጫፍ ላይ በቆመ ሌላ ጉማጅ ነው፤ ብሎኑ 12 ሚሊ ሜትር ነው፣ በሁለቱም ወገን ሰፊ ሮንዴላ፣ እንዳይፈታም ድርብ ዳዶ። ሁለቱን የከንፈር ብሎኖች ስታላላ ጣውላው እንዳለ ወደ ፊትም ወደ ኋላም ይንሸራተታል፤ መምህር ያሉትን 10 ሳንቲ ሜትር ያስተካከልኩትም በዚሁ ነው፤ መቅዘፊያው አሁን በአንድ እጅ ይያዛል።